የትራክተር ማዳበሪያ መበተኛ ከመግዛትዎ በፊት፦ ለቆጋ፣ ለሜጫና ለፎገራ የሚሆነው የትኛው ነው?

ሻጭ ስለ ትራክተር መበተኛ ሲያወራ ከቋቱ ይጀምራል። «ይሄ 400 ሊትር ይይዛል፣ ያኛው 600» ይልዎታል። ሊትር ግን መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት የሚበተነው ምን እንደሆነና የት እንደሚበተን ነው። ቆጋ ላይ ለበጋ ስንዴ ዩሪያ ነው? ሜጫ ቀይ አፈር ላይ ኖራ ነው? ፎገራ ላይ የሩዝ ዘር ነው? ሦስቱንም እኩል አድርጎ የሚሠራ ማሽን የለም። «ሁሉንም ይበትናል» የሚል ሻጭ ኖራ በትኖ አያውቅም።

በሊፍት የሚንጠለጠለው መበተኛ አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ቋት፣ ከቋቱ ግርጌ የሚከፈትና የሚዘጋ በር፣ ከበሩ በላይ ማማሰያ፣ ከሥር ደግሞ የወረደውን የሚወረውር ክፍል አለው። ዋናው ልዩነት ወርዋሪው ላይ ነው።

ባለአንድ ዲስኩ ከሁሉም ይረክሳል። ክንፍ የተበየደበት ሳህን ስለሆነ የሚበላሽ ነገር ብዙ የለውም። ችግሩ ዲስኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሽከረከር አንዱን ጎን ያበዛና ሌላውን ያሳንሳል። ይህ የሚስተካከለው ፍሬው ዲስኩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በማዞር ነው፤ ለዩሪያ የተስተካከለው ግን ለሌላ ማዳበሪያ አይሆንም። ፔንዱለም የሚባለው፣ ቪኮን ያስለመደው ዓይነት፣ በዲስክ ፋንታ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ቱቦ አለው። ሁለቱንም ጎን እኩል ስለሚመታ ሹፌሩ ትንሽ ቢሳሳትም ይሸከማል። ባለሁለት ዲስኩ ለሰፊ የኢንቨስተር እርሻ የተሠራ ነው። ከ50 እስከ 90 የፈረስ ጉልበት ባለው ትራክተር ለሚሠራ ማኅበር ወይም አከራይ የእኔ ምርጫ ፔንዱለም ነው። ዋጋው ከባለአንድ ዲስኩ ከፍ ቢልም ልዩነቱን ማሳው ላይ ያዩታል።

የመሬቱ ስፋት ከማሽኑ ምርጫ በፊት ይመጣል። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ቢታሰብ ለቃዳው የሚደርሰው 25 ኪሎ፣ ማለትም ግማሽ ከረጢት ነው። ለግማሽ ከረጢት ትራክተር ማስነሳት ናፍታ ማቃጠል ነው፤ ሰው በእጁ ይጨርሰዋል። ደግሞም 12 ሜትር የሚወረውር ማሽን ከጎረቤት ጤፍ ላይ ሳይጥል ጠባብ ማሳ ውስጥ መሥራት አይችልም። መበተኛ የሚያዋጣው በኩታ ገጠም ነው፦ ድንበርተኞቹ አንድ ዓይነት ሰብል ዘርተው፣ ዩሪያቸውን በአንድ ሳምንት ሲጨምሩ። ኩታ ገጠም ከሌለ አይግዙ።

ኤንፒኤስ ለመበተን ብለውም አይግዙ፣ በተለይ ለሜጫና ለደቡብ አቸፈር። ቀዩ አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን ጨብጦ ይይዛል። ከዘሩ ጎን በመስመር ሲገባ ሥሩ ይደርስበታል፤ ከላይ ተበትኖ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ ግን አፈሩ ቀድሞ ይወስደዋል። መበተኛ ሥራው ከዘር በኋላ የሚጨመር ዩሪያ ነው። ኖራም ይበተናል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልኬት

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ሳይለካ ወደ ማሳ ከመግባት ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ሠንጠረዥ «ለዩሪያ በሩን በዚህ ቁጥር ላይ ክፈት» ይላል፤ መነሻ ይሆናል እንጂ አይታመንም። ዩሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። 1 እና 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ደቃቁ ፍሬ ቅርብ ይወድቃል፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ፍሬ ርቆ ይሄዳል። የተለየ ጭነት በመጣ ቁጥር እንደገና ይለካል።

ሒሳቡ አንድ ነው። በደቂቃ የሚወርደው ኪሎ፣ በ600 ተባዝቶ፣ ለሥራ ስፋቱና ለፍጥነቱ ብዜት ሲካፈል በሄክታር የሚደርሰውን ኪሎ ይሰጣል። ስፋቱ በሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። ተገልብጦ ሲሠራ፦ 100 ኪሎ በሄክታር፣ 8 ሜትር ስፋት፣ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢፈለግ፣ 100 በ8 በ6 ተባዝቶ ለ600 ሲካፈል በደቂቃ 8 ኪሎ መውረድ አለበት።

ይህን ለማግኘት ትራክተሩን አቁመው ቱቦውን ወይም ዲስኩን ይፍቱ፣ ከሥር ንጹሕ ከረጢት ይሰሩ፣ ፒቲኦውን 540 ላይ ያድርጉና በሩን ለአንድ ደቂቃ ይክፈቱ። መዝነው 8 ኪሎ እስኪመጣ ድረስ በሩን እያስተካከሉ ይደጋግሙ። ቋቱ ቢያንስ ግማሽ ድረስ መሞላት አለበት።

ፍጥነት የሚለካው ማሳው ውስጥ ነው። መንገድ ላይ የተለካ ፍጥነት ለስላሳ አፈር ላይ አይደገምም። 100 ሜትር ለክተው ችካል ይትከሉ፣ በሚሠሩበት ማርሽና ጋዝ ይንዱ፣ ሰዓት ይያዙ። 60 ሰከንድ ከፈጀ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። 72 ሰከንድ ከፈጀ 5 ነው፤ በሩ ሳይነካ በሄክታር 120 ኪሎ እየጣሉ ነው ማለት ነው። የቆጋ ማሳ ውኃ ጠጥቶ ጎማው ሲንሸራተት የሚሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልኬት ስርጭቱ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም እሱን ነው። እኩል መጠን ያላቸው 13 ሳፋዎች ይዘው ትራክተሩ በሚሄድበት መስመር አግድም ይደርድሩ፦ አንዱ መሐል ላይ፣ ስድስት ስድስት ግራና ቀኝ፣ በየ1 ሜትሩ። ከመሐሉ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ከጎማ ሥር ስለሚገቡ ወደ 1.3 ሜትር ይገፉ። ፍሬው ነጥሮ እንዳይወጣ በየሳፋው ውስጥ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ያንጥፉ። አንድ ጊዜ ማለፍ ለሚዛን አይበቃም። 100 ኪሎ በሄክታር በካሬ ሜትር 10 ግራም ብቻ ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ አራት ጊዜ ይለፉ። ከዚያ የየሳፋውን ለብቻ ከፋርማሲ በተገዛ ባለ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይስፈሩ፤ ጫፉ ይደፈን፣ ግፊቱ ይውጣ። ስሪንጆቹን ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው የማሽኑ ጠባይ በዓይን ይታያል፦ መሐሉ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ዳር እየቀነሰ የሚሄድ ቁልቁለት።

የሥራ ስፋት ማለት ማሽኑ የሚወረውርበት ጠቅላላ ርቀት አይደለም። በግራም በቀኝም የመሐሉን ግማሽ ያህል የወደቀባቸውን ሳፋዎች ይፈልጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። መሐሉ 12 ሚሊ ሊትር ሆኖ ግራና ቀኝ 4 ሜትር ላይ 6 ከተገኘ ስፋቱ 8 ሜትር ነው፤ በሚመለሱበት ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 8 ሜትር ይተዋሉ። 12 ሜትር የሚወረውረውን ማሽን በ12 ሜትር የሚነዳ ሹፌር ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንዴው አረንጓዴና ቢጫ መስመር እየሠራ ያገኘዋል።

መስመር የሚሠራበት ሌላው ምክንያት ጋዝ ነው። ናፍታ ለመቆጠብ ሞተሩን ዝቅ የሚያደርግ ሹፌር ፒቲኦውን ከ540 ያወርደዋል፤ ወርዋሪው ጉልበት ያጣና ስፋቱ ይጠባል። ትራክተሩ 540ኢ የሚል ማርሽ ካለው በእሱ መቆጠብ ይቻላል፣ በዝቅተኛ ሞተር ዙር ሙሉ 540 ይሰጣልና። ሌላ ማሳጠሪያ የለም። ማሽኑ ከፊትና ከኋላም፣ ከግራና ከቀኝም ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ወርዋሪው ከሰብሉ ጫፍ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ቶፕ ሊንኩ ሁለት ዙር ቢያጥር ፍሬው ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይሄዳል፣ ልኬቱም ሁሉ ይፈርሳል።

የሚበተንበት ሰዓት

ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ለጣና ዙሪያ የተሻለ ነው። ከዚያ በፊት ጤዛ አለ፤ ዩሪያ እርጥብ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል፣ በተለይ በቆሎ ልቡ ውስጥ ሲገባ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሳል። ዩሪያ ቀላል ነው፣ አንዱ ሊትር 0.75 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ነፋስ እንደፈለገ ይወስደዋል። ተበትኖ ፀሐይ ላይ ሲውል በአሞኒያ መልክ ይተናል። ስለዚህ ቆጋ ላይ ከመስኖ ተራ ጋር፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሊዘንብ ሲል ይበተናል። ሊዘንብ ሲል ማለት ጎርፍ ሊመጣ ሲል ማለት አይደለም።

ለበቆሎ ጎማውን ያስተካክሉ። መስመሩ 75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የትራክተሩ ጎማዎች ከመሐል እስከ መሐል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆኑ ሁለት መስመር አዝሎ ያልፋል፣ ጎማዎቹም በመስመሮቹ መካከል ይሄዳሉ። ጉልበት ድረስ ያደገ በቆሎ ይህን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የፊት አክስሉ ይሰብረዋል።

ፍሬው የሚወድቀው ከማሽኑ ኋላ ጥቂት ሜትሮች ወረድ ብሎ ነው። ወደ ማሳው ሲገቡ ያንን ያህል አልፈው በሩን ይክፈቱ፤ ሲወጡም ድንበሩን ያንኑ ያህል አልፈው ይዝጉ። በገመድ የሚከፈት በር ሹፌሩን ወደኋላ ያዞረዋል፣ እጁም ይዘገያል፤ ሃይድሮሊክ በር ዋጋው ያስቆጫል እንጂ ከሥራው አንጻር ተመራጭ ነው። ቦይ ዳር፣ ወንዝ ዳርና ሐይቅ ዳር የጎን መከለያ ይውረድ። ጣና ውስጥ የሚገባው ናይትሮጅን የሚያበላው እምቦጭን ነው።

ኖራ

ለኖራ የሚያስፈልገው ማሽን ሌላ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ያቀጭጫል፤ ለዚህ የሚሰጠው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። መጠኑ ከአፈር ምርመራ ነው የሚገኘው። በሄክታር 20 ኩንታል ቢባል ከዩሪያው 20 እጥፍ ነው። በ4 ሜትር ስፋትና በ4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሠላ በደቂቃ 53 ኪሎ መውረድ አለበት። 400 ሊትር ቋት 480 ኪሎ ያህል ቢይዝ በ9 ደቂቃ ባዶ ይሆናል፤ ለአንድ ሄክታር ከአራት ጊዜ በላይ ይሞላል። የሚዘገየው ትራክተሩ አይደለም፣ ከረጢት የሚያነሱት ሰዎች ናቸው።

ዱቄት እንደ ፍሬ አይፈስም። ቋቱ ውስጥ ጣሪያ ሠርቶ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ማሽኑ እየዞረ ምንም አይወርድም። ሹፌር ያኔ እንጨት ይዞ ይወርዳል፣ አንዳንዱ እጁን ይሰድዳል፤ ጣት የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ፒቲኦ ሳይጠፋ ቋት ውስጥ ምንም አይገባም። ግድግዳው ቀጥ ያለና ማማሰያው ወፍራም የሆነ ቋት ችግሩን ይቀንሳል። ወለሉ ላይ ካቴና ያለው ተጎታች ማሽን ደግሞ ያጠፋዋል፤ ዋጋውን ግን ማኅበር እንጂ አንድ ገበሬ አይችለውም። ኖራ በሊፍት ማሽን የሚበተን ከሆነ ግማሹ በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹ በአግድም ይሁን። ወርዋሪውን በሸራ መጋረጃ ይክበቡ፣ ሹፌሩ አፍንጫውንና ዓይኑን ይሸፍን። ከዘር አንድ ወር ቀድሞ፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አይሰጥም፣ ኖራው አሞኒያውን ያስወጣዋልና።

ፎገራ ዋልካ ላይ ያለ ገበሬ ይህን ክፍል መዝለል ይችላል።

ከአውሮፓ የመጣ አሮጌ ማሽን

በቀዝቃዛ አገር ይኸው መበተኛ ክረምት ላይ ጨውና አሸዋ ይጫንበትና የቤት መግቢያና ጥርጊያ መንገድ ላይ ይበትናል። መጠኑ እንኳ ይቀራረባል፤ በካሬ ሜትር 20 ግራም ጨው ማለት በሄክታር 200 ኪሎ ነው። ጨው የሚጣለው በረዶ እንዲያቀልጥ ነው፣ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይደክማል። አሸዋ ምንም አያቀልጥም፣ ጎማ እንዲይዝ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሠራ የኖረ ማሽን ቀለም ተቀብቶ «የማዳበሪያ ነው» ተብሎ ይሸጣል።

ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ወርዋሪውን ዙሪያውን የከበበ ክፈፍ ወይም የጎማ መጋረጃ አለው፣ ምክንያቱም ጨው ከመንገዱ ወጥቶ አትክልት ላይ እንዲወድቅ አይፈለግም። ማማሰያው ለእርጥብ አሸዋ ስለተሠራ ወፍራም ነው። ብዙዎቹ በካርዳን ሳይሆን በሃይድሮሊክ ሞተር ይዞራሉ፤ የትራክተርዎ ሃይድሮሊክ መውጫ ዘይት ሳይቋረጥ መስጠት ካልቻለ አይሠራም። አንዳንዱም ጭራሽ አይወረውርም፣ ከሥሩ በሚዞር ሲሊንደር በራሱ ስፋት ልክ ብቻ ያወርዳል።

ጨው የሚበላው ከውስጥ ነው። ቋቱ ከፍሬሙ የሚጋጠምበትን ስፌት፣ የማርሽ ቤቱን ግርጌና የሊፍት ጆሮዎቹን ሥር በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑ። ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ከገባ፣ ላሜራው አልቋል። የዲስኩን ክንፎች በጣት ይዳብሱ፤ አሸዋ የበላው ክንፍ ጠርዙ እንደ ቢላ ይሳላል፣ ስርጭቱም አይስተካከልም። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ግን ማሽኑን አይናቁት፣ በተለይ ለኖራ። ጠባብ ውርወራ፣ መጋረጃና ብርቱ ማማሰያ ኖራ የሚፈልገው ነገር ነው። ለዩሪያ ግን አይግዙት፣ በ3 ሜትር እየተመላለሱ ስንዴ መርገጥ ይሆናል።

ከትራክተሩ ጋር ማጋጠም

ወደ ሻጭ ሲሄዱ ካሊበር ይያዙ። የታችኞቹ ክንዶች ስፒና 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ካታጎሪ 1 ነው፣ 28 ከሆነ ካታጎሪ 2። ትንሹን ስፒና በትልቁ ጆሮ ውስጥ ያለ ቡሽ የሚያስገቡ አሉ፤ ማሽኑ እየተንገዳገደ ጆሮውን ያሰፋዋል። የፒቲኦው ዘንግ 6 ጥርስ ያለው፣ 35 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። 1000 ዙር ላይ መበተኛ በፍጹም አይሰካም።

ሊትሩን የሚጠይቁት አሁን ነው። 400 ሊትር ዩሪያ 300 ኪሎ ነው፤ ያው ቋት በደረቅ አሸዋ ሲሞላ 640 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ የተጻፈውን የኪሎ ልክ ያንብቡ፣ ከዚያ የማሽኑን የራሱን ክብደት ይጨምሩ። የሊፍቱ አቅም በክንዶቹ ጫፍ ላይ የተጻፈው ነው፤ ጭነቱ ግን ከዚያ ወደኋላ ስለሚርቅ የሚያነሳው ያነሰ ነው። ተሞልቶ ሲነሳ የፊት ጎማዎቹ ላይ የትራክተሩ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው መቅረት አለበት። መሪው ከቀለለ የፊት ክብደት ይጨመር ወይም ቋቱ ሳይሞላ ይሠራ። ለ50 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ከ300 እስከ 500 ሊትር በቂ ነው።

ካርዳኑ ሲገዛ ረጅም ነው፣ ይቆረጣል። ሊፍቱን ከታች እስከ ላይ እያንቀሳቀሱ ሁለቱ ቱቦዎች በጣም የሚቀራረቡበትን ቦታ ይፈልጉ፤ እዚያ ላይ ጫፋቸው ሊነካካ አይገባም፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። በጣም ሲራራቁ ደግሞ ቢያንስ ሲሶው ተደራርቦ ይያዝ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ሊፍቱ ሲነሳ ካርዳኑ የማርሽ ቤቱን ኩሺኔታ ይገፋና ፓራኦሊዮውን ያፈርሰዋል። ዘይት ፈሰሰ ተብሎ ፓራኦሊዮ ይቀየራል፣ በሳምንቱ እንደገና ይፈስሳል፤ ጥፋቱ ካርዳኑ ላይ ነው። የሚሰበር ቡሎን ካለው፣ ራሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ተመሳሳዩን ይተኩ። በ8.8 ፋንታ 10.9 ከገባ ቡሎኑ ይተርፍና ማርሹ ይሰበራል።

ማሽኑ በልቶ የሚጨርሰው ዝገት

ማዳበሪያ በቋት ውስጥ አያድርም። የሐይቁ ዳር ሌሊት እርጥበት አለው፣ ዩሪያ ደግሞ ከአየር ውኃ ይስባል፤ ጠዋት ቋቱ ውስጥ ድንጋይ ያገኛሉ። ዩሪያና ኤንፒኤስ ተቀላቅለው ካደሩ ይብሳል። በሩ ተዘግቶ ፒቲኦ እየዞረም አይቆይ፤ ማማሰያው ፍሬውን ይፈጨዋል፣ ዱቄቱም ከእግር ሥር ይወድቃል። የቋቱ ወንፊት ለመሙላት ይዘገያል ተብሎ አይውለቅ፣ ጓል የሚይዘው እሱ ነው።

ማታ ውኃ ይለቀቅበት፣ ኩሺኔታው ላይ ግን በግፊት አይረጭ። ሲደርቅ በር፣ ዲስክና ቡሎኖች ዘይት ይቀቡ፣ መገጣጠሚያዎች ግራሶ ይግባባቸው። የፕላስቲክ ቋት አይዝግም፣ ግን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሚበይደውም አይገኝም። ላሜራው ይዝጋል፣ ግን የትም ይበየዳል። ቆርቆሮ ጥላ ካለዎት ፕላስቲኩን ይምረጡ፤ በር፣ ዲስክና ክንፉ ግን ከማይዝግ ብረት መሆን አለባቸው።

ኩሺኔታና ፓራኦሊዮ በላያቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር ከማንኛውም መለዋወጫ ሱቅ ይገኛሉ። የፔንዱለሙ ቱቦና የዲስኩ ክንፍ ግን የዚያው ማሽን ብቻ ናቸው፤ ማሽኑን ሲገዙ ሁለት ትርፍ አብረው ይዋዋሉ። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ከረጢት ዩሪያ ይጨምሩበትና ፒቲኦውን 540 ላይ አስይዘው በሩን ያስዘጉ። በሩ ተዘግቶ ፍሬ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ወይም የካርዳኑ መሸፈኛ ከሰንሰለቱ ጋር ካልመጣ፣ ተሟልቶ እስኪመጣ ድረስ አይረከቡ።